በሰዓቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ

ሚጢ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸበት ብሏል፤ ታላቅ እህቷ ያወጣችላት የልጅነት ስም ግን እስካሁን አልለቀቃትም። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ እንኳ «ሚጢ ገብታለች» ነው የሚለው። መሥሪያ ቤቷ ከጎማ ጥገና በላይ ባለው ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። በአንዱ ዕቃ ይበየዳል፣ ሁለተኛው የባለቤቱ ቢሮ ነው፣ ሦስተኛው መስኮቱ የማይከፈት የሚጢ ክፍል ነው። ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ ይርገበገባል፤ ለመደችው።

ድርጅቱ ለዐይነ ስውራን የሚናገር ሰዓት ይሠራል። የሳሙና መያዣ የምታክል ሳጥን ናት፤ አናቷ ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ አላት፤ ሲጫኗት ሰዓቱን ትናገራለች። በሆዷ ያለችው ከጥፍር ያነሰች ፕሮሰሰር የምትመራበትን ፕሮግራም የጻፈችው ሚጢ ናት። ድምፁ ግን የእህቷ ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ አንድ አሮጌ ሰዓት ተቀምጧል። የሌላ ሰው ሰዓት በሁለት ዓመት አንዴ ባትሪ ሲቀየርለት፣ የሚጢ በዓመት ሦስቴ ይቀየርለታል።

«አንቺ፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት አለልሽ እኮ!» ትላታለች ባለብየዳዋ። «ዐይንሽ ነው የደከመ ወይስ ባትሪ ጠላትሽ ነው?»

«የግድግዳው አይናገርም» ትላለች ሚጢ፣ ደግማም ትጫነዋለች።

እህቷን እትዬ ነው የምትላት። እትዬ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች፤ እናታቸው ገና ልጆች ሳሉ ስለሞተች፣ ሚጢን አጥባም ገርፋም አብልታም ያሳደገቻት እሷ ናት። ስትጣራ ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው «አቤት» ይል ነበር። ሰማንያ ሕፃን በአንድ ቃል ጸጥ ታሰኝ ነበር፤ ቤት ስትገባ ደግሞ ያው ድምፅ ለስልሶ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል ነገር ነበረው፤ ሁልጊዜ ጥያቄ የምትጠይቅ ያስመስላት ነበር።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ሰዓቱ ገና ሲጀመር፣ ለባለሙያ አንባቢ የሚሆን አቅም አልነበረም። ሚጢ እህቷን ለመነቻት። ድምፁ እንዳያስተጋባ ብላ ካፖርትና ብርድ ልብስ በታጨቀበት ቁም ሣጥን ውስጥ በርጩማ አስገብታ አስቀመጠቻት። እትዬ ጉልበቷ አገጯን እየነካት፣ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ ሰባ ሦስት ቃላት አንድ በአንድ አነበበች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከጠዋቱ፣ ከምሽቱ፤ ደቂቃ፣ ተኩል፣ ሩብ ጉዳይ፤ ባትሪው እያለቀ ነው። «ሃያ ዘጠኝ» ላይ ስትደርስ ሳቅ ያዛት። ለምን እንደሳቀች ዛሬ የሚያስታውስ የለም። «ሚጢ፣ ሞትኩልሽ፣ አውጪኝ!» አለች። «ለዚህች ለሳሙና መያዣሽ ስትዪ በብርድ ልብስ አፍነሽ ልትገዪኝ ነው!» እያለች እንደገና ሳቀች፣ አስነጠሳት፣ ውኃ ጠየቀች። ይህ ሁሉ ተቀርጿል።

ሚጢ ግን ቆረጠችው። የያኔው ፕሮሰሰር ሜሞሪው ጠባብ ነበር፤ ሰባ ሦስቱ ቃላት የገቡት በልመና ነው። ሳቁን ቆረጠች፣ ማስነጠሱን ቆረጠች፣ ከየቃሉ ፊት ያለችውን ትንፋሽ ሳይቀር ላጨቻት። ሥራው ሲያልቅ ዋናውን ቅጂ ለኮምፒውተሯ ቦታ ብላ ደመሰሰችው። በዚያን ጊዜ ድምፅዋ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ በፈለገችው ሰዓት «እትዬ» ብትል የሚመጣ።

ከሦስት ዓመት በፊት እትዬ ጉሮሮዋ ላይ እባጭ ተገኘባት። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፤ ድምፅ የሚያወጣውን ግን ከነሥሩ አወጡት። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በስስ ሻሽ ትሸፍናታለች። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ማስታወሻ ደብተር ትጽፋለች፤ ሰው መጥራት ስትፈልግ ሁለቴ ታጨበጭባለች። እንደ ቀልድ ለመደችው። ያልለመደችው ሚጢ ናት። ስልኩን ሁሉ በረበረች፤ የትምህርት ቤቱን የምረቃ ቪዲዮ ለምና አስመጣች፤ እትዬ ስትናገር የድምፅ ማጉያው ጩኸት ውጦታል። የተረፉት ሰባ ሦስቱ ቃላት ብቻ ናቸው፤ ከእነዚያ ውስጥ «ሚጢ» የሚል የለም።

አንድ ጊዜ ቃላቱን ቆራርጣ፣ «ሚ»ን ከአንዱ፣ «ጢ»ን ከሌላው ለመገጣጠም ሞክራ ነበር። የወጣው ድምፅ ከማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ሆነ። አፍራ አጠፋችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

በዚህ መሀል ነው የአሮጌው ፕሮሰሰር ነገር የመጣው። አምራቹ ከእንግዲህ አልሠራም አለ። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ሜሞሪው ሰፊ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ሲ በሚባለው ቋንቋ ስለሆነ፣ ኮምፓይለር የሚሉት አስተርጓሚ ለአዲሱ ፕሮሰሰር እንደገና ይተረጉመዋል፤ በቃ ይሠራል ተባለ። ሚጢም እንደዚያው አመነች። ሰኞ ጠዋት ተርጉማ፣ ጭና፣ ቁልፉን ተጫነች።

የወጣው የዛገ ቆርቆሮ አስፋልት ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነበር። በዚያ ላይ ይንተባተባል፤ አንዱን ክፍለ ቃል ሁለቴ ይላል፣ ሌላውን ይውጣል። ባለብየዳዋ ጆሮዋን ያዘች። ሚጢ ግን ጩኸቱ መሀል የሆነ ነገር ሰማች። አረፍ የሚለው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው የእትዬ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እህቷን በቱቦ ተጠላልፋ ያየቻት ጊዜ እንዳደረገችው፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ባለቤቱ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የድሮ ሬድዮ ጠጋኝ ናቸው፤ ሚጢ ጋሼ ነው የምትላቸው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ሰው የምናነቃበት ነው የምናስደነግጥበት?»

«ይስተካከላል፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ሁለት መቶ ሰዓት ለዐይነ ስውራኑ ማኅበር ቃል ገብቻለሁ። ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር የተዘጋጀ ድምፅ ማጫወቻ መጥቶልናል፤ የሚቀበለው ግን ጥራቱ ከፍ ያለ አዲስ ቅጂ ነው። የእህቴ ልጅ ሬድዮ ላይ ታነባለች፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ ትጨርሰዋለች። ድምፅ እንደሆን ያው ድምፅ...» አሉና የሚጢን ፊት አይተው ቃላቸውን ዋጡት። «ከአፌ አመለጠኝ። እስከ ዓርብ ጠዋት ሞክሪ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔንም የሰው ፊት ያሳፍረኛል።»

በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ደረጃውን በዘንጋቸው እየደበደቡ ወጡ። አርባ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው የሠሩ ዐይነ ስውር ናቸው፤ ሁሉም ኦፕሬተሩ ይሏቸዋል። የእሳቸው ሰዓት ከሽንት ቤት መደርደሪያ ወድቃ ተሰብራ አዲሷን ይጠብቃሉ። ድምፁ ሊቀየር ነው ሲባሉ በንዴት ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ስሙኝማ! ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የምታናግረኝ ሴት እሷ ብቻ ናት። ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፤ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። አሁን በስተርጅና ሌላ ሴት ልታስገቡብኝ ነው?»

ባለቤቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ሚጢ ዘንጉን አንስታ እጃቸው ላይ አደረገችላቸውና ወደ ክፍሏ ገባች።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠረችው ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ብሎ ፕሮግራሙን የሚያሳጥርበትን አማራጭ ነበር። አጠፋችው። እትዬ እንደ ሰካራም ትጎተት ጀመር፤ ጩኸቱ ግን አልለቀቃትም። መለሰችው። ድምፅ ማጉያውን ቀየረች፣ ሽቦውን ፈተሸች፣ ባለብየዳዋን ሦስቴ እንደገና አስበየደቻት። «እኔ የበየድኩት ይናገራል እንጂ አያለቅስም» ብላ ባለብየዳዋ ተቆጣች።

ከሥራ ስትመለስ እትዬ ፊቷን አይታ ሁለቴ አጨበጨበች። በዚያ ጥርት ባለ የአስተማሪ ጽሕፈቷ «ምን ሆነሻል?» ብላ ጻፈችላት።

ሚጢ ልትደብቃት ነበር፤ አልሆነላትም። ነገረቻት። እትዬ አዲስ ገጽ ገለጠች። ከዚያ «ተዪው። ልጅቷ ታንብበው። የእኔ አልፏል» ብላ ጻፈች።

«ለአንቺ አልፏል» አለች ሚጢ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ራሷንም ገረማት። «እኔስ? እኔ ምን ላድርገው?»

እትዬ ደብተሩን ከደነችው።

ረቡዕ መንተባተቡ ላይ ብቻ አተኮረች። ሲ ቋንቋ ሰው በየጊዜው ከዜሮ እንዳይጀምር ተብሎ የተዘጋጁ፣ ፋንክሽን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉት፤ ስብስባቸው ላይብረሪ ይባላል። ከእነሱ አንዱ ሜምኮፒ ነው፤ ሥራው የሜሞሪን ይዘት ከቦታ ወደ ቦታ መገልበጥ ነው። ሚጢ የተጫወተው ድምፅ ሲያልቅ፣ ያልተጫወተውን ቀሪ በሜምኮፒ እየሳበች ወደ ፊት ታመጣው ነበር። የሚነሣበትና የሚያርፍበት ቦታ ግን ይደራረባሉ፤ ሜምኮፒ ደግሞ ለተደራረበ ነገር ኃላፊነት አልወስድም ብሎ ገና ከጥንቱ ተጽፎለታል። የአሮጌው ላይብረሪ አንድ በአንድ ከፊት ጀምሮ ስለሚገለብጥ ስሕተቷን ዐሥራ አራት ዓመት ሸፍኖላት ኖሯል። አዲሱ ፍጥነት ፈልጎ በትልልቁ ይዘግናል፣ አንዳንዴም ከኋላ ይጀምራል፤ ስለዚህ ገና ያልተነሣው ላይ ይጽፍበታል። ለተደራረበ ቦታ የተሠራ ሜምሙቭ የሚባል ወንድም አለው። አንዷን ቃል ቀየረች። መንተባተቡ ቆመ።

ጩኸቱ ግን እንዳለ ነው። አሁን ቃላቱ በሥርዓት እየተከታተሉ ይጮኻሉ።

«ኧረ ይሄስ ከበፊቱ ባሰ» አለች ባለብየዳዋ። «በፊት እብድ ነበረች፤ አሁን እያወቀች ነው የምትጮኸው።»

ሐሙስ ጠዋት ሚጢ ልብ ገዝታ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ የሚተረጎምበትን የትዕዛዝ ፋይል ከፍታ መስመር በመስመር አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው አንድ አማራጭ አለ፦ ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ እንዳያወጣ የሚያዝ። ያኔ ቸኩላ ነበር፤ ጭቅጭቁ ሰልችቷት ዝም አስባለችው። አሁን አንሥታው እንደገና ተረጎመች። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተግተለተለ።

እንደ ተማሪ ደብተር አንድ በአንድ አረመቻቸው። አብዛኞቹ ተራ ነገር ናቸው። ወደ ሁለት መቶ ገደማ ስትደርስ አንዷ ላይ ዐይኗ ተተከለ። ኮምፓይለሩ ድምፁ የሚስተካከልበትን መስመር ጠቅሶ፣ ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም፤ ከዜሮ ያንሳል ወይ ብለሽ መጠየቅሽ ትርጉም የለውም ይላታል።

ሚጢ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድምፅ ማዕበል ነው፤ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። የእትዬ ድምፅ ግማሹ ከዜሮ በታች ነው። ቁጥሮቹን ያስቀመጠችው ቻር በሚባለው በትንሹ መያዣ ውስጥ ነበር። ቻር የመቀነስ ምልክት ይይዛል አይይዝም የሚለውን ቋንቋው አልወሰነም፤ ለየኮምፓይለሩ ትቶታል። አሮጌው ይይዛል፤ አዲሱ አይይዝም። ስለዚህ የእትዬ ድምፅ በትንሹ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ይህ ፕሮሰሰር ዝቅታ አላውቅም ብሎ ወደ ጣሪያው ይወረውራታል። ስትለሰልስ ነው የሚያስጮኻት።

መፍትሔው በትዕዛዝ ፋይሉ ላይ የምትጨመር አንድ አማራጭ ናት፤ ቻር ምልክት ያለው ይሁን የምትል። ሚጢ ጻፈቻት። በዚያም አላበቃችም፤ ነገ ሌላ ሰው በሌላ ኮምፓይለር ቢመጣ እንዳይሳሳት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታ የድምፁን ቁጥሮች በሙሉ ምልክት ያላቸው ብላ በግልጽ አወጀቻቸው። ተረጎመች። ጫነች። ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ ተርገበገበ። እስኪያበቃ ጠብቃ ቁልፉን ተጫነች።

ገና ያልተሞላ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው። «ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አለች እትዬ፣ ጥርት ብላ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ብላ።

ባለብየዳዋ መጣች፤ ሚጢን ከነወንበሯ አቀፈቻት። ባለቤቱ በር ላይ ቆመው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

ዓርብ ጠዋት ሚጢ በጥድፊያ መነጽሯን ቤት ረስታ ወጣች። እትዬ መነጽሩን ይዛ ተከትላት መጣች፤ ከታመመች ወዲህ መሥሪያ ቤቱን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሰዎቹ ሁሉ ውስጥ ነበሩ። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ኦፕሬተሩ ሰዓታቸውን ሊወስዱ መጥተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የተፈተሹት ሰዓቶች ተደርድረዋል። እትዬ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

«ማነው?» አሉ ኦፕሬተሩ።

እትዬ ደብተሯን ልትከፍት ብላ ዘንጋቸውን አየች፤ ተወችው።

«ሰው አለ አይደል? ማነው የመጣው?»

ሚጢ ከክፍሏ በር ላይ ደርሳ ነበር፤ አፏን ከፍታ ልትመልስ ስትል እትዬ እጇን ወደ ጠረጴዛው ስትዘረጋ አየቻት። ባለችበት ቆመች። እትዬ ከሰዓቶቹ አንዱን ተጫነች።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«እሰይ የኔ እመቤት! ተሻለሽ?» አሉ ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ። «አንቺንማ አውቅሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠውን ነው የምጠይቀው።»

እትዬ ደግማ ተጫነች። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ።»

ኦፕሬተሩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ጣሉ። አርባ ዓመት በጆሮ እንጀራ የበሉ ሰው ናቸው። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ትንፋሽ ከአንገት ነው የሚመጣው» አሉ። «ወንድሜም በመጨረሻው እንደዚሁ ነበር።» ቀጥለውም፣ ሊጠይቁ ፈርተው እንደሆነ ከድምፃቸው እየታወቀ፣ «የዚህች ድምፅ ባለቤት... አንቺ ነሽ እንዴ?»

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ሚጢ ያኔ ነው የተነፈሰችው። «አዎ አባባ፤ እየነቀነቀችልዎት ነው። እህቴ ናት።»

ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ። እጃቸውን አየሩ ላይ ዘረጉ፤ እትዬ ያዘችላቸው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ስትነግሪኝ በየጠዋቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እልሽ ነበር» አሉ። «አንድም ቀን አልመለስሽልኝም። ኩሩ ናት ብዬ አምቼሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

እትዬ ሳቀች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅ ግን የለም፤ ከሻሹ ሥር ስስ የአየር ፉጨት ብቻ ይሰማል። ሚጢ በሩን ተደግፋ ያን ሳቅ አየች። ያንን ሳቅ ይዛው ነበር። በእጇ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ ነገረቻት። ሳቁን፣ ማስነጠሱን፣ «አውጪኝ» ያለችውን፣ ለቦታ ብላ የደመሰሰችውን ሁሉ። ዐሥራ አራት ዓመት ያልተናዘዘችውን በአንድ መንገድ ተናዘዘች። እትዬ ግድግዳ ተደግፋ ጻፈች፦ «እንዴት ነበር የምስቀው? እኔም እየረሳሁት ነው። እስቲ ሳቂልኝ።»

«እዚህ? መንገድ ላይ?»

እትዬ ሁለቴ አጨበጨበች፤ አስተማሪ ናት፣ ሰሌዳ ፊት የጠራችውን ተማሪ አትምርም።

ሚጢ ሞከረች። መጀመሪያ ከደረት፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር። አልመጣላትም። ደግማ ሞከረች፤ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ ዞሮ አፈጠጠባት፣ አንዲት ሴት መንገድ ተሻገረች። እትዬ ጻፈች፦ «እንደ ፍየል ነበርኩ እንዴ?» ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዷ በድምፅ፣ አንዷ ያለ ድምፅ። ሚጢ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ እህቷ ክንዷን ይዛ እንዳትወድቅ ደገፈቻት፣ መሀረብ አውጥታም እንደ ልጅነቷ አናፈጠቻት።

ሁለት መቶዎቹ ሰዓቶች ሰኞ ተጭነው ሄዱ። ኦፕሬተሩ ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ፣ እትዬ መሥሪያ ቤቱ በምትውልበት ቀን፣ ስልክ ይደውላሉ፤ ባለብየዳዋ ስልኩን ለእትዬ ታቀብላታለች፣ እትዬ ታዳምጣለች፣ ሲጨርሱም በጣቷ ስልኩን ሁለቴ ታንኳኳለች። ባለቤቱ ጡረታ ላይ ያለች አስተማሪ ከቤት ምን ትሠራለች ብለው የፍተሻ ሥራ ሰጥተዋት፣ ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣች ሰዓቶቹ ሳጥን ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዷን ቃል ታዳምጣለች። አንድም ስሕተት አያልፋትም።

በእነዚያ ቀናት ሚጢ ከግድግዳው ወዲያ ድምፁን ስትሰማ ትውላለች። ሰባት ሰዓት ከሩብ። ሦስት ሰዓት ተኩል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃ። ያልሆነ ሰዓት ሁሉ ይጠራል። እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ፣ ከቁጥሮቹ ቀጥሎ «ሚጢ» የምትል ቃል የምትመጣ ይመስል ትጠብቃለች። ቀጣዩ ቁጥር ይመጣል። ትንሽ ታዳምጠውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።